ወሬ እንዴት ዜና ይሆናል?

ከመንደራችሁ የወጣ አንድ ልጅ ከተማ ገብቶ ጋዜጠኝነት ይማራል እንበል። ለዕረፍት ሲመጣ «ልጄ፣ ምን እያስተማሩህ ነው?» ትሉታላችሁ። «ዜና መጻፍ» ይላችኋል። ይኼኔ አንድ ሽማግሌ ሳቅ ይላሉ። «ወሬ ደግሞ ትምህርት ያስፈልገዋል እንዴ? ቅዳሜ ገበያ መዋል ነው እንጂ!»

የሽማግሌው ሳቅ ያለ ምክንያት አይደለም። ወሬ የማያወራ ሰው የለም። ነገር ግን ወሬ ገና ከዐውድማ ያልተነሣ እህል ነው፤ ገለባው፣ እንክርዳዱ፣ አፈሩ አብሮት አለ። ዜና ደግሞ በበሬ ተበራይቶ፣ በመንሽ ለነፋስ ተሰጥቶ፣ ፍሬው ተለይቶ ጎተራ የገባው ነው። ልጁ ከተማ ድረስ ሄዶ የሚማረው ይህንን ማበራየት ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ምስጢር ግን የለበትም። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይችላል። ጋዜጣ የሚያነብ ሰውም ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ በእጁ የያዘው ነገር ፍሬ ይሁን ገለባ የሚለየው በዚሁ ነውና።

ብዙ ተማሪ ወደዚህ ትምህርት የሚገባው ቃላት ማሳመር የሚማር መስሎት ነው። መጀመሪያ የሚነገረው ግን ማሳመሩን እንዲተው ነው። ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንፍጠር። በአንድ ወይና ደጋ ቀበሌ በነሐሴ ወር በረዶ ጥሎ ስንዴ አጠፋ። ተማሪው ሄዶ አይቶ እንዲጽፍ ታዘዘ። ልጁ ቋንቋ ያውቃል፤ ግጥምም ይሞክራል። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ዘንድሮ ክረምቱ በደስታ ገብቶ ገበሬው በተስፋ ፈክቶ ሳለ ሰማዩ በድንገት ፊቱን አጠቆረ። ተፈጥሮ ጨከነች። አረንጓዴው ማሳ ነጭ ከፈን ለበሰ። የብዙ ገበሬዎች ልፋት ሜዳ ላይ ቀረ።»

መምህሩ አነበቡና ወረቀቱን መለሱለት። «አማርኛህ ጥሩ ነው» አሉት። «አሁን ንገረኝ፤ ይህ ነገር የሆነው የት ነው?» ልጁ ወረቀቱን አየ። የቦታው ስም የለም። «መቼ ነው የሆነው?» ቀኑም የለም። «የስንት ሰው ማሳ ጠፋ?» «የብዙ ሰው» አለ። «ብዙ ማለት ስንት ነው?» ዝም አለ።

ዜና የሚጽፍ ሰው ስድስት ጥያቄዎች ይዞ ነው የሚነሣው። ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? ከእነዚህ መካከል ዋና ዋናዎቹ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ መመለስ አለባቸው። ተማሪው ተመልሶ ሄደ፤ ጠየቀ፤ ቆጠረ። ሁለተኛው ጽሑፉ ይህን መሰለ፦

«ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የጣለ በረዶ በእገሌ ቀበሌ የ43 ገበሬዎችን የስንዴ ማሳ አጠፋ። የጠፋው ማሳ 21 ሄክታር መሆኑን የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ተናግረዋል። ገበሬዎቹ እርጥበቱ ሳያልፍ በቦታው ሽምብራ ለመዝራት ዘር እንዲሰጣቸው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አመልክተዋል።»

እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ልብ ይነካል፤ ግን ያነበበው ሰው ምን ያደርጋል? ዘሩን ወዴት ይልካል? ለስንት ሰው ይልካል? በሁለተኛው ጽሑፍ ግን የወረዳው ሰው እርሳስ አንሥቶ ማስላት ይችላል። ለሄክታር አንድ ኩንታል ገደማ የሽምብራ ዘር ቢያስፈልግ ለ21 ሄክታር ሃያ ኩንታል ያህል ነው። ዘሩ መድረስ ያለበት ደግሞ መረሬው ሳይደርቅ ነው። ሐሙስ የጣለው በረዶ በሳምንቱ ቢነገርና በወሩ ቢነገር አንድ አይደለም። ከወር በኋላ የሚመጣ የሽምብራ ዘር ለንፍሮ እንጂ ለማሳ አይሆንም።

ስለ ልኬትም አንድ ነገር እናንሣ። ገበሬ ማሳውን በጥማድ ነው የሚናገረው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በብዙ ቦታ አራቱ አንድ ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ ሆኖም እንደ አፈሩና እንደ በሬው ካገር አገር ይለያያል። ስለዚህ ጎበዝ ጋዜጠኛ ገበሬው በጥማድ የነገረውን በጥማድ ይጽፍና አጠገቡ ሄክታሩን ያስቀምጣል። ቁናውና እንስራውም እንዲሁ። ጎንደር ያለ ሰው የጻፈውን አርሲ ያለ ሰው ያነበዋልና።

ሽማግሌውን እንዴት ይጠይቃል?

ቁጥሩ ከየት መጣ? ትምህርቱ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው በረዶ ወደ መታው ቀበሌ ሲሄድ መጀመሪያ ያገኘው አንድ አባት ነው እንበል። ንግግራቸው ይህን ሊመስል ይችላል፦

«እንደምን አረፈዱ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አረፈድክ ልጄ?»

«በረዶው መቼ ነው የጣለው አባቴ?»

«ሐሙስ ለት ነዋ! ከብት ውኃ አጠጥተን ስንመልስ።»

«ስንት ሰዓት ይሆናል?»

«እኔ ሰዓት የለኝ ልጄ። ጥላዬ ረዝሞ ነበር።»

«የስንት ሰው ማሳ ጠፋ?»

«የሁላችንም! አንድ ዘለላ አልቀረ!»

ተማሪው ይህን በደብተሩ ጻፈ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደና ዘበኛውን ጠየቀ። ዘበኛው «ልጆቹ ሊለቀቁ ሲሉ ነው፤ 9 ሰዓት ደውዬ ቆርቆሮው ይንጫጫ ጀመር» አለው። የጥላው ነገርና የደወሉ ነገር ገጠመ። ቀጥሎ ከግብርና ባለሙያው ጋር ማሳ ለማሳ ዞረ። በቀበሌው ስንዴ ከዘሩት 60 ገበሬዎች የ43ቱ ጠፍቷል። ከወንዙ ማዶ ያሉት 17ቱ ተርፈዋል።

ታዲያ እኒያ አባት ዋሹ ማለት ነው? አይደለም። ማሳው የጠፋበት ሰው «ሁላችንም» ሲል ሐዘኑን መናገሩ ነው እንጂ ቆጠራ ማቅረቡ አይደለም። ተማሪው የሚማረውም ይህንን ነው። የሐዘኑን ቃል እንደ ሐዘን ይጽፈዋል፤ ቁጥሩን ደግሞ ቆጥሮ ይጽፈዋል። «አንድ ዘለላ አልቀረ» የሚለውን በአባትዬው ስም ጠቅሶ ቢያስገባ ጽሑፉ ሕይወት ያገኛል። በራሱ አፍ «በቀበሌው አንድ ዘለላ አልቀረም» ብሎ ቢጽፍ ግን 17ቱ ገበሬዎች ጋዜጣውን አንብበው ይስቁበታል። ከዚያ ወዲያ ጋዜጣው እውነት ቢናገርም አያምኑትም።

ስለ ጥቅስ ካነሣን ጨዋታም አለበት። አንዳንዱ ጋዜጠኛ የገበሬውን ቃል ይቀበልና ጽሕፈት ቤቱ ገብቶ ካባ ያለብሰዋል። ገበሬው «በረዶው ጨረሰን» ይሉታል። በጋዜጣው ላይ «በአሁኑ ወቅት በተከሰተው የተፈጥሮ አደጋ ከፍተኛ ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ገልጸዋል» ተብሎ ይወጣል። እስቲ ማን ነው እቤቱ እንዲህ ብሎ የሚያወራ? ሚስታቸው ቢሰሙ «ደግሞ ምን ነካዎት?» ይሏቸዋል። ሰው የተናገረው እንደ ተናገረው ቢጻፍ ይሻላል።

የዳጉ ሥርዓት

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ጥያቄ ከፈረንጅ መጽሐፍ የተቀዳ ይመስለዋል። የጋዜጣው ሥራ ከውጭ የመጣ መሆኑ እውነት ነው። የጥያቄው ልማድ ግን በአገራችን የቆየ ነው። የአፋር ወንድሞቻችንን ሥርዓት ብንመለከት በቂ ነው።

አፋር ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ግጦሽና ውኃ ፍለጋ የሚዞር ሕዝብ ነው። ዝናብ የጣለው የት ነው? ሣር የበቀለው በየትኛው በኩል ነው? የከብት በሽታ የገባበት መንደር ማን ነው? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ይህን ሳያውቅ የተነሣ ሰው መንጋውን ይዞ ያልቃል። ስለዚህ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ነሥተው ዝም ብለው አይተላለፉም። ቢቸኩሉም ይቆማሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ወሬ ይለዋወጣሉ። ይህ ልውውጥ ዳጉ ይባላል። አንዱ ከየት እንደ ተነሣ፣ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ምን እንዳየና ምን እንደ ሰማ ይናገራል። ሌላው ያዳምጣል። ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ ያየውና የሰማው አይደባለቅም። በዓይኑ ያየውን «አየሁ» ይላል፤ የሰማውን ከማን እንደ ሰማው ይናገራል። ሐሰት ያቀበለ ሰው በሕዝቡ ዘንድ ያስጠይቀዋል፤ ስሙም ይጠፋል። በዚህ ዓይነት አንድ ነገር ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሰፊ በረሃ አቋርጦ ይሄዳል። የጋዜጠኝነት መምህር ለተማሪው «ምንጭህን ጥቀስ» ሲለው ይህንኑ ማለቱ ነው። አማራው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ» ይላል። ምንጭ ያልጠየቀች ዶሮ ናት።

በዚህ በኩል የአማርኛ ዜና አንድ መጥፎ ልማድ አለው። «ተገልጿል»፣ «ታውቋል»፣ «ተብሏል» ይላል። ማን ገለጸው? ማን አወቀው? ማን አለው? ዳጉ ላይ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር «አንተ ሰውዬ፣ ማን ነው ያለው?» ተብሎ መያዙ አይቀርም ነበር።

የአንበጣው ቀለም

ገበሬ ራሱ ዜና አቀባይ የሚሆንበት ቀን አለ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በአገራችን ላይ የወረደበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ አልታየም ነበር። የደረሰ ማሽላና ጤፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ የጠፋበት ገበሬ ጥቂት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 40 ሚሊዮን ያህል አንበጣ ሊኖረው ይችላል፤ በቀን የሚበላውም 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ «አንበጣ መጣ!» ብሎ መጮህ ወሬ ነው። መድኃኒት የሚረጨው ሰው የሚፈልገው ከዚህ የበለጠ ነው። የት ታየ? መቼ? ስንት ሰዓት ላይ? ከወዴት መጥቶ ወዴት ሄደ? ወይስ አርፏል? አንበጣ በነፋስ እየተነዳ ቀን ይበርራል፤ ማታ ያርፋል። ስለዚህ ትናንት ማታ ያደረበት ሥፍራ ዛሬ ጠዋት ካልተነገረ ነገ ቢነገር ባዶ ሜዳ ማሳየት ይሆናል። በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠየቀው አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ ይኸውም ቀለሙ ነው። ቀላ ወይም ሮዝ መሰል አንበጣ ገና ያልጎለመሰ ነው፤ ብዙ ይበላል፤ ሩቅ ይበርራል። ቢጫ የሆነው ግን ጎልምሷል፤ እንቁላል ሊጥል ነው። ቢጫ አንበጣ አሸዋማና እርጥብ መሬት ላይ ካረፈ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ከዚያው መሬት ኩብኩባ ይፈለፈላል። ኩብኩባ ክንፍ የለውም። ክንፍ እስኪያወጣ አንድ ወር ከሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ የበለጠ ጊዜ አለ፤ ለማጥፋትም የሚቀለው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ «ቢጫ ነው፤ በዚህ ሥፍራ፣ በዚህ ቀን አርፏል» የምትለው አጭር ቃል ለቀጣዩ ሁለት ወር መንገር ማለት ናት። «ብዙ አንበጣ ነው፤ ጉድ ፈላ!» ብሎ ስልክ የዘጋው ሰው ግን ያየውን ሁሉ ይዞት ቀረ።

የተገለበጠ ክምር

ተማሪው ጠይቆ፣ ቆጥሮ፣ ምንጩን ይዞ ከተመለሰ በኋላ ምኑን አስቀድሞ እንደሚጽፍ ይማራል። እኛ ነገር ስንጀምር ከሥሩ ነው፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንላለን። ሸንጎ ላይ ይህ ደግ ነው። ዜና ላይ ግን ይገለበጣል። ዋናው ነገር፣ የመጨረሻው ውጤት፣ ከላይ ይቀመጣል። ዝርዝሩ ወደ ታች እየቀጠነ ይሄዳል። ፈረንጆች የተገለበጠ ፒራሚድ ይሉታል። እኛ የተገለበጠ የእህል ክምር ልንለው እንችላለን፤ ሰፊው ወገብ ወደ ላይ፣ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች።

ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው የጋዜጣው ቦታ ነው። ገጹ ሲጠብብ አዘጋጁ ጽሑፉን ከታች ይቆርጠዋል። ዋናው ነገር ከታች ከተቀመጠ አብሮ ተቆርጦ ይሄዳል። ሁለተኛው የአንባቢው ጊዜ ነው። በተለይ ማንበብ በቅርብ የጀመረ ሰው ፊደል እየለቀመ ነው የሚሄደው። ሦስት መስመር አንብቦ ቢደክመው፣ በሦስቱ መስመር ነገሩን አግኝቶ መሄድ አለበት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የወጣው «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ቅጂውም 24 ብቻ ነበር። አንዱን ቃል 24 ጊዜ በእጁ የሚጽፍ ሰው ትርፍ ቃል አይወድም። መኪና ከመጣ ወዲህ ነው ቃል የረከሰው።

የተገለበጠውን ክምር ያልተማረ ጋዜጠኛ የስብሰባ ዜና ላይ ይታወቃል። «የወረዳው ሕዝብ በተገኘበት ደማቅ ስብሰባ ተካሄደ። ስብሰባውን እገሌ በንግግር ከፈቱ። እገሌም ምስጋና አቀረቡ።» እንዲህ እያለ ይወርድና በመጨረሻው መስመር ላይ «የመስኖው ውኃ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በተራ እንዲሆን ተወሰነ» ይላል። ዜናው እኮ ይቺ ነበረች! ስብሰባ ሁልጊዜ አለ። ውኃው በተራ መሆኑ ነው ገበሬውን ሌሊት የሚያስነሣው።

ገንዘብ «ጎደለ» እና «ተሰረቀ»

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የወፍጮ ቤቱ ገንዘብ ጎድሏል የሚል ወሬ ተነሣ እንበል። ገበያው ሁሉ «ገንዘብ ያዡ በላው» ይላል። ተማሪው ይህን ቢጽፍ ምን ይሆናል? ሰውየው ንጹሕ ቢሆን ልጆቹ በየመንገዱ «የሌባ ልጅ» ይባላሉ። ጋዜጣው በሳምንቱ «ይቅርታ» ብሎ ቢያወጣ ያን ቃል መልሶ የሚለቅመው የለም። ሰውየው ጥፋተኛ ቢሆን ደግሞ ጸሐፊው ማስረጃ ሳይዝ ስለ ጮኸ መዝገብ የመደበቂያ ጊዜ ሰጠው ማለት ነው።

ስለዚህ ተማሪው እንዲህ እንዲያደርግ ይነገረዋል። መጀመሪያ መዝገቡን ይጠይቃል። ሒሳቡን የመረመረው ማን ነው? ስንት ብር ገቢ ሆነ? ደረሰኙስ ስንት ይላል? ልዩነት ካለ ልዩነቱን በቁጥር ይጽፋል። «ጎደለ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ተሰረቀ» ማለት ሌላ ነው። የጎደለው ብድር የወሰደ ሰው ሳይመልስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ለናፍጣ የወጣ ሳይመዘገብ ቀርቶም ይሆናል። ሌባ ብሎ የሚፈርደው ፍርድ ቤት እንጂ ጋዜጣ አይደለም።

ቀጥሎ፣ ከሁሉ የሚያስፈራውን ያደርጋል፤ የተወቀሰውን ሰው ቤት ያንኳኳል። «አባቴ፣ በሒሳቡ ላይ ይህን ያህል ጉድለት አለ ይባላል። እርስዎ ምን ይላሉ?» ይላል። ሰውየው ቢቆጡም፣ ቢያባርሩትም፣ መልስ ቢሰጡም የሆነውን ይጽፋል። መልስ አልሰጥም ካሉ «ተጠይቀው መልስ አልሰጡም» ይላል። ይህን እርምጃ የዘለለ ጽሑፍ ስታነቡ፣ የቱንም ያህል የምትጠሉት ሰው የተወቀሰበት ቢሆን፣ ቆም በሉ። በሽምግልና ላይ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ ሁለተኛ አይጠራም።

ወሎ ላይ ያልተጻፈው

አንድ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ሳይጻፍ ቢቀርስ? ለዚህ በታሪካችን ውስጥ መራራ ምሳሌ አለን። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ ብርቱ ረሃብ ነበር። ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ወደ አዲስ አበባ የተጓዙትም ተመለሱ። ባለሥልጣኖቹ ያውቁ ነበር፤ በጋዜጦቹ ላይ ግን ለወራት አልወጣም። በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ጥቂቶቹ ወደ ወሎ ሄዱ፤ ያዩትንም በፎቶግራፍ ይዘው መጥተው በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ። ተማሪዎቹም ይህን አይተው ተነሡ። ጋዜጠኛ ተብለው የተቀጠሩ አልነበሩም። ሄደው አዩ፤ ያዩትን አሳዩ፤ ይኸው ነው።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። የፊልሙ ርእስ «ያልታወቀው ረሃብ» ማለት ነው። ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ግን እንዳለ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል በመሐሉ ተቀጣጥሎበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን የቀጠለው እጅ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። «ለምን አሁን ታየ?» ብሎ መጠየቅም ከስድስቱ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያን ፊልም ያሳየው መንግሥትም አሥር ዓመት ቆይቶ ተራው ደረሰው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአሥረኛው ዓመት በዓል በአዲስ አበባ ሲከበር ወሎና ትግራይ ተርበው ነበር። በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን የተባለ የካሜራ ሰውና ማይክል በርክ የተባለ ጋዜጠኛ የኮረምን ሕዝብ ሥዕል ለዓለም ካሳዩ በኋላ ነው እርዳታው በብዛት የጎረፈው።

በ1965ቱ ረሃብ ስንት ሰው ሞተ? በብዙ ቦታ 200 ሺህ ተብሎ ይነገራል። የረሃብን ታሪክ ያጠናው አሌክስ ደ ዋል ግን ለወሎ ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ ይላል። ጥሩ ተማሪ ደስ ያለውን ቁጥር መርጦ አይጽፍም። ሁለቱንም ያስቀምጣል፤ የአንዱን ምንጭ ማን እንደ ሆነ፣ የሌላው ደግሞ በልማድ የሚነገር መሆኑን ይጽፋል። የሞተ ሰው ቁጥር ሲተልቅ ሐዘኑ የሚበልጥ የሚመስለው ሰው አለ። 40 ሺህ ሬሳ አነሰ?

ዛሬ ደግሞ በየኪሱ ስልክ አለ። ሥዕሉም ወሬውም በደቂቃ ይደርሳል። የዛሬ አምስት ዓመት ሌላ አገር የተነሣ ፎቶግራፍ «ትናንት እዚህ ቀበሌ የሆነ» ተብሎ ይላካል፤ ያየው ሰውም ዱላውን ያነሣል። ስለዚህ ሥዕል ሲደርሳችሁ እንደ ዳጉ ጠይቁት። ማን አነሣው? የት? መቼ? የላከልህ ሰው አይቷል ወይስ እሱም ተልኮለት ነው? በዚያ ቀበሌ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ደውሎ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

መልመጃ

ከዚህ በታች አንድ አጭር ዜና አለ። ለትምህርት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። እርሳስ ያዙ። «ምን?» ለሚለው መልስ የሆኑትን ቃላት አንድ ጊዜ አስምሩባቸው፤ «መቼ?» ለሚለው ሁለት ጊዜ። ጮክ ብላችሁ ለቤተ ሰባችሁም አንብቡት።

«ባለፈው ቅዳሜ በወረዳው ከተማ ገበያ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ከቀደመው ሳምንት 300 ብር ጨምሮ ዋለ። ዋጋው የጨመረው ከገጠር የመጣው እህል ከወትሮው በማነሱ ነው ተብሏል።»

ይህ ዜና ሁለት ነገር ጎድሎታል። ፈልጋችሁ ከሥሩ ጻፉት።